ወፍጮው ለምን ሌሊት ይፈጫል?

ሰሞኑን ከጨነቅ ወርጄ ደባርቅ አድሬ ነበር። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ያረፍኩበት ቤት አምፖል እንደ ኩራዝ ደበዘዘ። ባለቤቱ ስታብላይዘሩን አሳየኝ፤ 220 ማለት የነበረበት ቁጥር 170 እንኳ አይሞላም። ጎረቤቱ ያለው ባለወፍጮ ሞተሩ እንዳይቃጠልበት ፈርቶ አጥፍቶ ተቀምጧል።

«ህዳሴ ተመርቆም እንዲህ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ግን ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ በረጅም መስመር ጫፍ ላለ ከተማ ቮልቴጁ ሳይወርድ ማድረስ ሌላ።

የወፍጮ ሞተር እህል ከሚፈጭበት ኃይል ሌላ መግነጢሱን የሚያቆምበት ኃይል ይፈልጋል። መሐንዲሶች ሪአክቲቭ ፓወር ይሉታል። በበቅሎ ልንገራችሁ፦ ወደ ራስ ዳሸን ጭነት የሚያደርስ ሰው የራሱን ስንቅም ይጭናል። ስንቁ አይሸጥም፣ ግን የበቅሎዋን ጀርባ ይይዛል፤ መንገዱ ሲረዝም ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ ያልቃል። ስንቁ መድረሻው አጠገብ ቢገኝ በቅሎዋም ትገላገላለች። ኤሌክትሪክ ላይ ይህን የሚያደርገው ካፓሲተር ነው። ከተጠቃሚው አቅራቢያ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል፤ መስመሩ ይቀለዋል፣ ቮልቴጁም ቀና ይላል።

ጣጣው የት ይሰቀል የሚለው ነው። ለ30 ምሰሶዎች «ይሰቀል፣ አይሰቀል» ብቻ ብንል እንኳ አማራጩ ከ1 ቢሊዮን ይበልጣል። ከበዛ ደግሞ ሰው ተኝቶ ፍጆታው ሲቀንስ ቮልቴጁ ከልክ ያልፋል። ስለዚህ ሁሉንም ከመቁጠር ይልቅ በብልሃት የሚፈልጉ ስልቶች አሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. ኬኔዲ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያና ኤበርሃርት የተባለ መሐንዲስ ከወፍ መንጋ የቀዱት አንዱ ነው፦ እያንዳንዷ «ወፍ» አንድ አማራጭ ይዛ ትበራለች፣ የተሻለ ወዳገኘችውም ያዘነብላሉ። በ2014 ደግሞ ከግራጫ ተኩላ አደን የተቀዳ መጣ። (የኛው የሰሜን ቀይ ቀበሮ ግን አይጥ ለማደን ብቻውን ነው የሚወጣው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።)

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ስልት የተሠሩ የማስተርስ ጽሑፎች አሉ። እኔን የሚያናድደኝ ስሌቱ መክበዱ አይደለም፤ እሱን ተራ ላፕቶፕ ይሠራዋል። ስልቱ ግን በየሰዓቱ የተለካ የመስመር መረጃ ይፈልጋል፣ ከዚያም ምሰሶው ላይ የሚወጣ ሰው። አዲስ ግድብ ሪባን ይቆረጥለታል፤ ለካፓሲተር ሪባን ሲቆረጥ አይቼ አላውቅም።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የወፍጮው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ከተማው ተኝቷል፣ አምፖሉም ደምቋል። በመስኮት ሳይ እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው በር ላይ ተሰልፈዋል።