«ቼን ነው፤ አይቀየርም»

ትንሽ መኪና ያለው ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት አባባል አለች፦ «ቼን ነው፤ አይቀየርም»። ሻጭ ይላታል፣ ደላላ ይላታል፣ ገዢም ቤቱ ገብቶ ለባለቤቱ ይደግማታል። ግማሿ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን የብዙ ሰው ሞተር አስወርዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ ግርጌ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክሻፍት የሚባል ዘንግ አለ። ከላይ፣ ቴስታታው ውስጥ ደግሞ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚያዘጋ ካምሻፍት አለ። የታችኛው ሁለት ጊዜ ሲዞር የላይኛው አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት። ሁለቱን አገናኝቶ ይህን ልክ የሚጠብቀው ወይ ባለጥርስ የጎማ ቤልት ነው፣ ወይ የብረት ሰንሰለት፣ ማለትም ቼን ነው። ቤልቱ ከተበጠሰ ወይም ቼኑ ጥርስ ከዘለለ ልኩ ይዛባል። በብዙ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ ሲወጣ የተከፈተውን ቫልቭ ይመታዋል፤ ቫልቭ ይጣመማል፣ ቴስታታ ይወርዳል። ሞተሩ መንገድ መሐል ከጠፋ ደግሞ ፍሬኑ ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ይከብዳል። ኋላ ወንበር ልጆች ተቀምጠው ይህ ሲደርስ ማሰብ ነው።

የቱ መኪና የቱን እንደያዘ በስሙ ብቻ አይታወቅም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሠሩት አብዛኞቹ የቤንዚን ኮሮላዎች ቤልት ናቸው፤ ከ2000 ወዲህ የመጡት ግን አብዛኞቹ ቼን ናቸው። በ1999 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ ባለ 1.0 ሊትሯም ባለ 1.3 ሊትሯም ቼን ናቸው። ከሱዙኪ ቤት አሮጌዋ ማሩቲ 800 ቤልት ናት፤ አብዛኞቹ ዲዛየሮች ደግሞ ቼን ናቸው። ላዳ እንኳ 2101 ሰንሰለት ሲኖራት፣ ለ2105 የተሠራው 1.3 ሊትር ሞተር ግን ቤልት ነበረው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የሞተሩ ዓይነት ነው።

ቤልት ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ ውጭ፣ በፕላስቲክ ክዳን ሥር በደረቁ ይሠራል። ጠላቱ ዕድሜና የሚንጠባጠብ ዘይት ነው። በጃፓን መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ይባላል፤ ጎማ ስለሆነ ግን ቆሞም ያረጃል። ቆጣሪው ወደኋላ ሊመለስ በሚችልበት ገበያ፣ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ቤልት እንዳለቀ ቆጥሮ ከነኩሽኔታው መቀየር ይሻላል።

ቼን የሚኖረው ዘይት ውስጥ ነው። እየተለሰለሰ የሚዞረው በሞተር ዘይት ነው። በብዙ መኪኖች ላይ እንዳይላላ የሚወጥረውም ዕቃ የሚገፋው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ሲቆሽሽ ወይም ሲጎድል የቼኑ መገጣጠሚያዎች ይበላሉ፣ ቼኑ ይረዝማል፣ ወጣሪውም ይደክማል። «አይቀየርም» የተባለው ዘይቱ በጊዜው ለሚቀየርለት ቼን ነው።

ልጄ ልደታ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፤ ሁለቱን የልጅ ልጆቼን በቪትዟ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ባለፈው ኅዳር ጠዋት ሲነሳ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ሳንቲም እንደሚያንኳኩ ያለ ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ይሰማና ዝም ይል ጀመር። አንድ ደላላ መፍትሔው ቀላል ነው አላት፦ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ማዘጋትና መሸጥ። ዋጋ ታወጣለች የተባለውም በከንቱ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ታክሱን ከፍ አድርጓል፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ያለችው ቪትዝ ተፈላጊ ናት።

«እማዬ፣ እኔም ሳላውቅ ነው የገዛኋት» አለችኝ። እውነቷን ነው። የምትገዛትም እናት ሳታውቅ ነው የምትገዛት፤ እሷም ልጆች ትጭንባታለች። «የማን ልጅ ይጫንባት?» ብዬ ጠየቅኋት። አኮረፈችኝ። በማግሥቱ ግን መኪናዋን ራሷ ጋራዥ ወሰደቻት።

መካኒኩ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንስም። «ሲስተር፣ ወፍራም ዘይት ባደርግ ድምፁ ይጠፋል፤ በሽታው ግን እዚያው ነው» አለኝ። ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት የሆድ ሕመሙን በማስታገሻ አስተኝቶ፣ ትርፍ አንጀቱ ከፈነዳ በኋላ የሚመጣ ሰው አይቻለሁና ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ሲከፈት የኮፓው ወለል እንደ ጥቁር ቅባት በረጋ ዘይት ተለብጦ ነበር። ቼኑ ረዝሟል፤ ወጣሪው እስከ መጨረሻው ወጥቷል። ሁለቱም ከነመሪ ፕላስቲኮቹ ተቀየሩ። ገንዘቡ ከልጄ ዕቁብ ወጣ፤ ለሳሎን ሶፋ የታሰበ ነበር። ሶፋው እስካሁን አልተገዛም።

ስለ ዘይቱ ውፍረት አንድ ነገር ልጨምር። ዕቃው ላይ 5ደብሊው-30 ወይም 20ደብሊው-50 ተብሎ ይጻፋል። የፊተኛው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የአዲስ አበባ ብርድ የታወቀ ነው። ቀጭን ዘይት ለታዘዘለት ሞተር ወፍራም ስንሞላለት ቼኑና ወጣሪው ጋ ለመድረስ ይዘገያል፤ ቼን ደግሞ ብዙ የሚጎዳው በዚያች መነሻ ሰዓት ነው። ከልደታ ሜክሲኮ ደርሶ የሚመለስ መኪናም በቅጡ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ የውሃ እንፋሎትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ «ኪሎ ሜትሩ ገና ነው» ማለት አያዋጣም። እንዲህ ለሚነዳ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር፣ ቀድሞ በደረሰው፣ ከነፊልትሮው መቀየር ደኅና ልክ ነው።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁም ይህ ይመለከታችኋል። የፎርድ 1.0 ሊትርና የፔጆ 1.2 ሊትር ሞተሮች ዘይት ውስጥ የሚዞር የጎማ ቤልት የተገጠመላቸው ዓይነት አላቸው። ያልታዘዘ ዘይት ከተሞላ ቤልቱ ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪውም የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ የሆነችው የኤሌክትሪክ መኪና ናት፤ ቤልትም ቼንም የሞተር ዘይትም የላትም። አብዛኞቻችን ግን ባለችን መኪና ገና ብዙ ዓመት መሄዳችን ነው።

አያቶች መኪና ባንነዳ እንኳ ልናደርገው የምንችለው አለ። ለሕፃን የክትባት ካርድ እንደምንይዝ ሁሉ ለመኪናዋም አንድ ካርድ ይኑራት። ቤልት ወይስ ቼን፣ ቤልት ከሆነ የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የዘይቱ ዓይነት፣ ዘይትና ፊልትሮ የተቀየሩበት ቀን፣ ቀጣዩ ቀጠሮ። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ይመዘዝ፤ ይጠረግ፤ ተመልሶ ይግባና ይታይ። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ያው ዓይነት ዘይት ይጨመር። የልጄ ካርድ ክሩስኮቶው ውስጥ ነው፤ መኪናዋን የሸጠች ቀን ከሊብሬው ጋር አብራ ታስረክባለች።