ፍንጭ የሚሰጠው አስተማሪ

«ለእያንዳንዱ ተማሪ በልኩ የሚያስተምር ቴክኖሎጂ» ሲባል ትናንት የመጣ ይመስላል፤ ሐሳቡ ግን የቆየ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ.ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1953 የልጁን የሒሳብ ክፍል ሊያይ ሄዶ ያበሳጨው ነገር ይህ ነበር፦ ፈጣኑም ዝግ ያለውም እኩል እንዲሄዱ ይገደዳሉ፤ መልሳቸው ልክ መሆኑን የሚያውቁትም ቆይተው ነው። ብዙ ሳይቆይ ሳጥን የሚመስል ማሽን ሠራ። ጥያቄው በመስኮቷ ብቅ ይላል፣ ልጁ መልሱን ይሞላል፣ ልክ መሆን አለመሆኑን እዚያው ያያል።

የዛሬዎቹ የሚበልጡት በግምታቸው ነው። የቋንቋ መማሪያው መተግበሪያ ዱኦሊንጎ አንድን ቃል መቼ ልትረሳው እንደምትችል አስልቶ፣ ሳትረሳው መልሶ ያመጣልሃል። ይህን እወድለታለሁ።

ልጆች ግን ማሽን ማታለል ያውቁበታል። የእህቴ ልጅ በአንድ መተግበሪያ ክፍልፋይ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ከበድ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሳታነበው «ፍንጭ» የሚለውን ደጋግማ ትጫናለች፤ የመጨረሻው ፍንጭ መልሱ ራሱ ነዋ!

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እሱ እኮ አይቆጣም።»

እሱም «ጎበዝ!» ብሎ ኮከብ ሸለማት።

የኔታም እኮ አንዱን ፊደል እያስቆጠሩ፣ ሌላውን ዳዊት እያስደገሙ፣ ሁሉንም በየደረጃው ይዘው ነው የሚያስተምሩት። አለንጋውን እንተወውና፣ ሳይገባው «ገባኝ» የሚለውን ልጅ ዓይኑን አይተው ይነቁበታል። ታብሌቱ የሚያየው ጣቷን ብቻ ነው።

ለጊዜው ፍንጩን የሚያዘገይ ሴቲንግ እየፈለግሁ ነው። የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጣል አድርጉልኝ፤ እሷ እንዳታይ ግን በውስጥ መስመር ቢሆን ይሻላል።