ስለ ደባርቅ ባለሱቅ ቤቶች

ለሥራ ወደ ስሜን በሄድሁ ጊዜ ጨነቅ ላይ አንድ ሌሊት አደርሁ። ጨነቅ ማለት ከቧሂት ተራራ ግርጌ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ያለው ስፍራ ነው፤ ቀን ጭላዳና ዋልያ ይታይበታል፥ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል። በዚያ ብርድ ሰው የሚያስበው ስለ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ደባርቅ በወረድሁ ጊዜ ዓይኔ ያረፈው በመንገዱ ዳር በተሰለፉት ባለሱቅ ቤቶች ላይ ሆነ፤ አንባቢዎቼ ተራራውን ትቶ ሱቅ አየ ብለው አይፍረዱብኝ።

የስሜን ገበሬ ቤት ክብ ነው፤ ክዳኑ ሣር፥ እሳቱም በመካከል ነው። የደባርቅን ቤቶች ያሰለፋቸው ግን መንገዱ ነው። ይህም ከጐንደር ተነሥቶ በሊማሊሞ ቍልቍለት ወደ ትግራይ የሚወርደው፥ ጣልያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ነው። እነርሱ በዚያው አካባቢ መሽገው ከቆዩ በኋላ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ፤ መንገዱ ግን ቀረ። በመኪና መንገድ ዳር ክብ ቤት አይመችምና ቤቱ አራት ማዕዘን ሆነ፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፥ ጐኑንም ለጐረቤቱ ሰጠ። በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ የሰፈሩት የግጭ ሰዎች ከሣር ክዳን ወደ ከተማ ኑሮ ተሻግረዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፥ በማገር ይማገራል፥ ከጭድ ጋራ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ከፊት ሁለት መዝጊያ ያለው የእንጨት በር፥ ባንኮኒና መደርደሪያ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ጓዳው፥ ከጓዳው ኋላ ማድቤቱና ግቢው ነው። እመቤቲቱ ስኳር እየመዘነች ምጣዷን ታያለች፥ የሕፃኑንም ድምፅ ትሰማለች። ይህን ያላስተዋለ ሰው ቤቱን ጠባብ ነው ብሎ ይንቀዋል። በርግጥም ጠባብ ነው፤ ቆርቆሮውም ሌሊት ይቀዘቅዛል፥ በዚህስ ሣሩ ይበልጠዋል።

በእንግሊዝ አገርም ጆርጅ የተባሉ ነገሥታት ተከታትለው በነገሡበት ዘመን፥ ከ1714 እስከ 1830 እ.ኤ.አ.፥ ብዙ የከተማ ቤቶች በጋራ ግድግዳ ተያይዘው በሰልፍ ተሠርተዋል፤ ከእነርሱም ከታች ሱቅ፥ ከላይ መኖሪያ የሆኑ አሉ። በዚያን ጊዜ ለመስኮት ይገበር ስለ ነበር ግብሩን ሸሽቶ መስኮቱን በጡብ የደፈነም ነበር። የደባርቁ ቤት መስኮት ማነሱ ግን ከብርዱ የተነሣ ነው።

የእንዲህ ያለ ቤት ችግሩ ያው የጋራ ግድግዳው ነው። እኔ በምጽፍበት ችሎት ሁለት ወንድማማች በውርስ ቤት ተካሰው አይቻለሁ። አንዱ ድርሻውን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ ይፈልጋል፤ የሌላው ቆርቆሮ ደግሞ ያረፈው በዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ቃላቸውን ስጽፍ ሁለቱም እውነተኞች ሆኑብኝ።

ደባርቅ ሻይ የጠጣሁባት ሱቅ ባለቤት አንዲት አሮጊት ናቸው። ልጃቸው ከሩቅ ከተማ ገንዘብ ልኮ ቤቱ ይፍረስ ይላል። «ማፍረሱስ ቀላል ነበር ልጄ፤ እርሷን ምን ላድርጋት?» አሉና ግድግዳውን በጡጫቸው ሁለት ጊዜ መቱት። ከወዲያ በኩል ሁለት ምት ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ጐረቤታቸው ሲኒዋን ይዛ ገባች።