ሥዕሉን የሚያበላሸው ግድግዳው ነው

በአዊ ዞን፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ መስከረም ሲጠባ በየቤቱ የሚሰማ አንድ ብሶት አለ። የሠርጉ ፎቶ ጠቃጠቆ አውጥቷል፤ የምረቃው ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል፤ ከባሕር ዳር ተገዝቶ የመጣው የብራና ሥዕል ፍሬሙ ውስጥ ተኮማትሮ አንዱ ጥግ ወደ ፊት ወጥቷል፤ የእመቤታችን ሥዕል ከግርጌው ሻግቷል። ምክንያቱን ለጠየቀ የሚሰጠው መልስ ሁሌም ያው ነው፦ «የአገራችን ዝናብ ነው፤ ምን ይደረጋል!»

ይህን መልስ አልቀበለውም። ዝናቡ ብዙ መሆኑን የሚክድ የለም፤ እንጅባራ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ዳንግላም ከ1,500 በላይ ያገኛሉ፤ አብዛኛውም ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚወርድ ነው። ነገር ግን ቆርቆሮው እስካላፈሰሰ ድረስ ያ ሁሉ ዝናብ ፍሬሙን በጠብታ እንኳ አይነካውም። ሥዕሎቻችንን የሚያበላሻቸው እኛው ቤት ውስጥ የምንፈጥረው እርጥበት ነው፤ እሱም ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ልጥፍ ብሎ በተሰቀለ ፍሬም ጀርባ ታፍኖ ሲያድር። ይህ እውነት ከሆነ በየክረምቱ የምናደርገው ጥንቃቄ አብዛኛው ከንቱ ነው፤ አንዳንዱም ጉዳቱን ያብሳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአየር ነው። አየር ሲሞቅ ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ መሸከም ያቅተዋል። ሳሎኑ መሐል ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ (አየሩ ሊሸከም ከሚችለው ውሃ የያዘው ድርሻ) 60 በመቶ ነው እንበል። ይህ ለሰውም ለሥዕልም የሚስማማ ነው፤ ሙዚየሞችም እርጥበቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው መካከል ቢቆይላቸው ይወዳሉ። ያው አየር ሌሊት ወደ 15 ዲግሪ ከወረደ ግድግዳ ጋር ሲነካካ ግን እርጥበቱ 80 በመቶ ያልፋል፤ ግድግዳው 12 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ ውሃው ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። ሻጋታ የሚበቅለው እርጥበቱ ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ለቀናት ሲቆይ ነው። እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የሐምሌ ሌሊቷ የውጭውን ግድግዳ ከዚህም በታች ማውረድ አይከብደውም። በአንድ ሳሎን ውስጥ ሁለት የአየር ጠባይ አለ ማለት ነው፤ ሶፋው አካባቢ ደህና ነው፣ ፍሬሙ ጀርባ ረግረግ።

ማረጋገጥ የፈለገ አንድ ፍሬም አውርዶ ጀርባውን ይይ። ከፊት ለፊት ሲታይ ምንም ያልሆነው ሥዕል ከኋላው ካርቶኑ አብጦ ልስልስ ብሏል፤ ከታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ዳሩ ቡናማ የሆነ የውሃ መስመር አለ። ካርቶኑን የያዙት ጥቃቅን ሚስማሮች ዝገው ዙሪያቸውን አቅልመዋል። ጥጉ ላይ ግራጫ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ፣ አለፍ ብሎም ብል የላጠው ወረቀት ይታያል። ግድግዳው ላይም ፍሬሙ የነበረበት ቦታ በአራት ማዕዘን ጠቁሮ ይገኛል። ውሃው ከጣሪያ ቢመጣ ኖሮ ምልክቱ ከላይ ወደ ታች በወረደ ነበር።

እርጥበቱ ከየት ይመጣል ቢባል፣ ከእኛው። የተጣደ ሽሮና ጎመን ይተነፍሳል፤ ጀበናው ይተነፍሳል፤ በክረምት አልደርቅ ብሎ ወንበር ላይ የተሰጣ ጋቢ ሌሊቱን ሙሉ ውሃውን ለክፍሉ ሲለቅ ያድራል። አምስት ሰው የተኛበት ቤት እስኪነጋ ድረስ በትንፋሽና በላብ ብቻ ከሊትር በላይ ውሃ ወደ አየሩ ይጨምራል። ትንፋሽ ይህን ያህል ያደርሳል ወይ ለሚል፣ ፈረንሳይ ያለውን የላስኮ ዋሻ ማስታወስ ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ከ17 ሺህ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አላቸው ይባላል፤ ዋሻው በ1948 እ.ኤ.አ. ለጎብኚ ተከፍቶ በ1963 ለመዘጋት ተገደደ። የሰው እስትንፋስና ሙቀት ግድግዳውን እያረጠበ አረንጓዴ አልጌ አብቅሎበት ነበር። አዲስ የተሠራ ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ የልስኑና የወለሉ ሲሚንቶ የጠጣውን ውሃ ለመልቀቅ ወራት ይፈጅበታል፤ እኛ ግን ቤት በገባን በሳምንቱ ነው ፎቶውን የምንሰቅለው።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሣል። አያቶቻችን በጭቃ ቤት፣ በዚያው ዝናብ፣ ፎቶና ሥዕል ሰቅለው አርባና ሃምሳ ዓመት አቆይተዋል፤ ታዲያ ቤታችን ሲሻሻል ሥዕሉ ለምን ባሰበት? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሳያውቀውም የእኔን ክርክር ያግዛል። በጭድ የተቦካ ምርጊት እርጥበት ሲበዛ ይመጠዋል፤ ሲደርቅ መልሶ ይለቀዋል። ምድጃው ቤት ውስጥ ስለነበር ግድግዳው ብዙም አይቀዘቅዝም። ጣሪያና በሩም ቢሆን አየር ያስገባል። ከሁሉ በላይ የአሰቃቀሉን ነገር ልብ እንበል፦ ፍሬሙ በሲባጎ ታስሮ ከፍ ካለ ሚስማር ላይ ይንጠለጠልና ራሱ ወደ ፊት ዘንበል ይላል፤ ተመልካችን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ይመስላል። ያ ማዘንበል ከጀርባው አየር ያሳልፋል። ዛሬ ቤቱ ብሎኬት ሆኗል፤ ልስኑ ሲሚንቶ፣ ቀለሙ ዘይት ቀለም፣ መስኮቱ ብረት ነው። ዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ አንዲት ጠብታ አይጠጣም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሲያልበው እናያለን። ፍሬሙንም «ለውበት» ብለን በአጭር ማንጠልጠያ ከግድግዳው ጋር ደረት ለደረት አጣብቀነዋል። ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ የሚል የለም፤ የምድጃው ጭስ ሥዕሉንም ሳንባውንም አጥቁሯል። ጭቃ ቤቱ በነጻ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት ግን አዲሱ ቤት ውስጥ አስበን መተካት አለብን።

ወሳኙ የአገሩ ዝናብ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ጥሩ ማስረጃ ከእንግሊዝ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የለንደን ብሔራዊ ጋለሪ ሥዕሎቹን ከቦምብ ለማሸሽ ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዌልስ ውስጥ ማኖድ በሚባል ተራራ ሆድ፣ ድንጋይ ይወጣበት በነበረ ጉድጓድ አስቀመጣቸው። አካባቢው በዝናቡ የታወቀ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ቤቶች ሠርተው አየሩን በማሞቅ እርጥበቱን 42 በመቶ ላይ፣ ሙቀቱን 17 ዲግሪ አካባቢ አጸኑት። ለንደን እያሉ በየጊዜው ይላላጥ የነበረው ቀለም እዚያ መላላጡን አቆመ ማለት ይቻላል፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ከተማ ሲመለሱ ችግሩ አገረሸ። ከላይ ዝናብ የሚወርድበት ተራራ ሆድ ከዋና ከተማ አዳራሽ የተሻለ ቤት ሆነላቸው፤ ለሥዕሉ ቁም ነገሩ በቅርብ የከበበው አየር ነው። ለዚህ ግን ዌልስ ድረስ መሄድም ላያስፈልግ ይችላል። የቤተ ክርስቲያኖቻችን የብራና መጻሕፍት በቆዳ ማኅደር ሆነው፣ በጠፍር ከግድግዳ ችካል ላይ ተንጠልጥለው ነው የኖሩት። ከወለል የራቁ ናቸው፤ ቆዳው የአየሩን ለውጥ ያዘገይላቸዋል፤ የእንጨት ገበታውም ብራናው እንዳይኮማተር ጨምቆ ይይዘዋል።

እንግዲህ መፍትሔው ይህን ያህል ውድ አይደለም። ከሁሉ የሚቀድመው የግድግዳ ምርጫ ነው። የምንወደውን ሥዕል ከውጭው ግድግዳ አንሥተን ሁለት ክፍል በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ እንስቀለው፤ በሁለቱም ወገን ሰው የሚኖርበት ግድግዳ አይቀዘቅዝም። ከመታጠቢያ ቤትና ከኩሽና ጋር የሚዋሰነው ግን ይቅር። ቀጥሎ ከፍሬሙ ጀርባ በታች በኩል ሁለቱ ጥግ ላይ ከቡሽ የተቆረጠ ቁራጭ መለጠፍ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ፎቶው መስታወቱን እንዳይነካ በመካከላቸው በዙሪያው ወፍራም የካርቶን ጠርዝ እንዲገባ ለፍሬም ሠሪው መንገር ያሻል፤ የፎቶ ፊት እርጥበት ሲያገኘው ልስልስ ብሎ ሙጫ ስለሚሆን ነው መስታወት ላይ የሚቀረው። የአካባቢያችን የቀርከሃ ፍሬም ያምራል፤ ሳይደርቅ የተሠራ ከሆነ ግን ሻጋታና ነቀዝ ይዞ ነው የሚገባው።

ብዙ ሰው የማያስበው ወሩን ነው። እንጨት 80 በመቶ እርጥበት ባለበት አየር ሲከርም ከደረቅ ክብደቱ 16 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ በ50 በመቶ አየር ግን 9 በመቶ ገደማ ነው። ካርቶንና ወረቀትም ጠባያቸው ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ በነሐሴ የታሸገ ፍሬም ነሐሴን አብሮ አሽጓል። ፍሬም የማስገባቱ ሥራ ለጥርና ለየካቲት ይደር፤ ክረምት ላይ ፎቶ የሚያስነሣ ተመራቂም ቢሆን ፎቶውን በፖስታ አቆይቶ ጥቂት ወር ይታገሥ።

«ሙዚየሞች ራሳቸው አሽገው ያስቀምጡ የለም ወይ? እኛስ በላስቲክ ብንጠቀልለው?» የሚል አይጠፋም። እነሱ የሚያሽጉት ሁሉንም ዕቃ በተመጠነ ደረቅ አየር ውስጥ አቆይተው፣ እርጥበት የሚመጥ ወረቀት ጨምረው፣ ሙቀቱ በማይዋዥቅ ክፍል ውስጥ ነው። እኛ ሐምሌ ላይ በፌስታል ስንጠቀልል ውስጥ ያለው ውሃ መውጫ ያጣና ሌሊት ሌሊት ሥዕሉ ላይ ጤዛ ይሆናል። ከጫማ ካርቶን የሚወጡት የሲሊካ ጄል ከረጢቶችም በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይጠቅማሉ፤ በር በሚከፈትና በሚዘጋበት ሳሎን ግን ቶሎ ይጠግቡና ተራ ጠጠር ይሆናሉ። ከሰል ማንደዱስ? እንደ አዊ ከሰል በሚመረትበት አካባቢ ይህ ሐሳብ መምጣቱ አይገርምም። ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል፤ ለሥዕል ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም። ግድግዳውንም ቢሆን ለሁለት ሰዓት አሙቆ ይተወዋል፤ የሙቀቱ መውጣትና መውረድ ደግሞ ብራናን ክፉኛ ይጎዳል።

ይልቅስ መስኮት መክፈት ይሻላል፤ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን። ይህን ስል የሚስቅ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስሌቱ ግን ግልጽ ነው። ውጭ ያለው አየር 10 ዲግሪና 95 በመቶ እርጥብ ቢሆን እንኳ፣ ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ 50 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ አየር የያዘው ውሃ መጀመሪያውኑ ጥቂት ነውና። ስለዚህ ምግብ ከበሰለና ቡና ከተፈላ በኋላ፣ ጠዋትም ከመኝታ ሲነሡ፣ ትይዩ ያሉ መስኮቶችን ለሩብ ሰዓት ከፍቶ መዝጋት ነው። ይህ የሚሠራው ቤቱ ከውጭው ሞቅ ሲል ብቻ ነው፤ ሰው የማይኖርበት ቀዝቃዛ የእንግዳ ክፍል ውስጥ ሥዕል ባይሰቀል ይመረጣል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የወጣቶቹ ነው፦ ሁሉም በስልክ ይነሣል፣ ከተበላሸም ድጋሚ ይታተማል። ለአምና ሠርግ እውነት ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ወዲህ የማኅበሩ በዓል በተከበረባቸው ጥር 23 ቀኖች በአንዱ፣ በተሸለመ ፈረስ ላይ ሆኖ የተነሣ የአያት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን ሌላ ቅጂ የለውም፤ ከጀርባው በእጅ የተጻፈው ስምና ቀንም ከፊት በተነሣ የስልክ ፎቶ አይገኝም። ስለዚህ ስልኩ ይርዳን፤ የፊቱንም የጀርባውንም ቅጂ አሁኑኑ እናስቀር። የሻገተ ካለ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በበረኪና አይጠረግ። ከፍሬሙ አውጥቶ ጥላ ያለበትና ነፋስ የሚገባበት ቦታ ማድረቅ፣ ከደረቀ በኋላ ውጭ ሆኖ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ የለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ማስነካት ይበቃል፤ ሥዕሉ በእጅ የተቀባ ከሆነ ብሩሹም ይቅርበት። መስታወት ላይ የተጣበቀውን ፎቶ ደግሞ ማንም በጥፍርም በምላጭም እንዳይነካው፤ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀርና ነጭ ወረቀት ብቻ እጅ ላይ ይወጣል። ከነመስታወቱ ብርሃን በማያንጸባርቅበት ቦታ በጥሩ ካሜራ ይነሣ፤ ከዚያም ከነመስታወቱ ቀጥ ብሎ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ።