ቋሚው የት ነው?

ሰውዬው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነው። ሌሊት ታክሲ ይነዳል። ከብዙ ዓመት ኪራይ በኋላ ቤት ገዛ። አባቱ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ከጎጃም ሊመጡ ስለነበር ሳሎኑ አምሮ እንዲቆያቸው 65 ኢንች ቴሌቪዥን አመጣ። ግድግዳውን በሳ፣ ፊሸር ከተተ፣ በብሎን አሰረ፣ ሰቀለ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።

አባት መጡ። ቡና ጠጥተው ሲያበቁ ተነሡና ግድግዳውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ባዶ ነው። ቋሚው የት ነው?»

«አባዬ፣ አይስጉ። ይሄ አሜሪካ ነው፤ እንደኛ የጭቃ ቤት አይደለም» ብሎ ሳቀ። ሽማግሌው ዝም አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌሊት፣ ቴሌቪዥኑ የጂብሰሙን ቁራጭ ገንጥሎ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። የወደቀበት ቦታ ቀን ቀን ሕፃኑ ምንጣፍ ተነጥፎለት የሚተኛበት ነው። እናትየው ልጇን አቅፋ እስኪነጋ አልተኛችም።

አባት ልክ ነበሩ። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ለጭቃ ቤት የሥጋ ዘመዱ ነው። ውስጡ ሞራሌ ቆሟል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በላዩ የሚመታው ጂብሰም ቦርድ ብዙ ጊዜ ግማሽ ኢንች ቢወፍር ነው። ጂብሰሙ እንደ ጭቃው ልባስ ነው፤ ሸክም የሚችለው እንጨቱ ነው። ቴሌቪዥኑ ወደ ፊት በሚሳብ ክንድ ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይጎትትም፤ የላይኛውን ብሎን ወደ ውጭ ይነቅላል።

አባትና ልጅ ግድግዳውን አብረው ጠገኑት። ከውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊኖር ስለሚችል መጀመሪያ መብራቱን ከብሬከሩ አጠፉ። የተቀደደውን ጂብሰም ከሞራሌ መሃል እስከ ሞራሌ መሃል አስተካክለው ቆረጡ። አባት ክፍተቱን አይተው «ማገር ይግባበት» አሉ። በቋሚዎቹ መካከል አግድም እንጨት ገባ፤ የአገሩ አናጢዎችም ከባድ ነገር ለመስቀል የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከዚያ አዲስ ጂብሰም ተመታ፣ መገጣጠሚያው በቴፕና በስቱኮ ተደፈነ፣ ሲደርቅ ተፍቆ ተቀባ። የቴሌቪዥኑን ገመድ ግን ግድግዳ ውስጥ አልቀበሩትም፤ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ይከለክላል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሶኬቱን ወደ ላይ አወጣላቸው። አዲሱ ቴሌቪዥን የተሰቀለው እንጨት ውስጥ ጠልቆ በገባ ረጅም ብሎን ነው።

ብዙ ወላጅ ውጭ አገር ልጁን ሊጠይቅ ሲሄድ እንደ እንግዳ ይቀመጣል። ሊፍቱን አያውቅም፣ ምድጃውን አያውቅም፣ ስለዚህ ምንም እንደማያውቅ ይቆጠራል። እኚህ አባት ግን የገዛ ቤታቸውን ከቋሚ እስከ ክዳን በእጃቸው የሠሩ ሰው ናቸው። የጠየቁት ጥያቄ አገር አልነበረውም።

በአዲስ አበባም ክፍልን በጂብሰም ቦርድ መከፋፈል እየተለመደ ነው፤ ውስጡ እንጨት ወይም ብረት ይሆናል። ማንም ከባድ ዕቃ ከመስቀሉ በፊት ግድግዳውን ያንኳኳ፤ ቋሚውንም ይፈልግ። ቤት ውስጥ ቤት የሠራ አባት ወይም እናት ካሉ ደግሞ መጀመሪያ እነሱን ይጠይቅ።