የእናቴ ግድግዳ

ሰው ስለ ቤቱ ቀለም ሲከራከር ብዙ ጊዜ የሚከራከረው ስለ ቀለሙ ሳይሆን ስለ ጐረቤት ዓይን ነው። ይህንንም ያስተማረችኝ እናቴ ናት።

የአባቴ የሙት ዓመቱ ተዝካር ከወጣ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ሲቃረብ፣ ቤቱን ለማደስ ወደ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። የጭቃውን ግድግዳ ጢስና እርጥበት አጥቁሮት ነበርና ነጭ ልቀባው አሰብሁ። እናቴ ግን፣ «ልጄ፣ የብርቱካን ቀለም ቅባልኝ፤ ፈዛዛም አይሁን። በሩን ብቻ ነጭ አድርግልኝ» አለችኝ።

እኔም ደነገጥሁ። ጥቁር ልብሷን ገና ያወለቀች መበለት እንዲህ ያለ ዓይን የሚወጋ ቀለም ስትመርጥ የዕድር ሰዎችና የነፍስ አባታችን ምን ይሉናል ብዬ አፈርሁ። ነገር ግን የእናት ቃል ነውና ታዘዝሁ።

የተላጠውን ፍቄ፣ ስንጥቁን ጭድ በገባበት ጭቃ ደፍኜ፣ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። የዘይት ቀለም የጭቃውን እርጥበት አፍኖ በኋላ ተልጦ ይወድቃልና፣ በውኃ የሚበጠበጠውን ቢጫና ቀይ ደባልቄ ቀባሁ። በጣሳው ውስጥ ለስላሳ የመሰለኝ ቀለም አራቱን ግድግዳ በያዘ ጊዜ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እያበራ እጅግ ደመቀ። እኔም በልቤ አዘንሁ።

በማግሥቱ ጧት እናቴ ከመደቡ ተነሥታ፣ እንደ ወትሮዋ ግድግዳውን በእጇ ሳትዳስስ፣ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ሄደች። «እሰይ! አሁን በሩ ታየኝ» አለች።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። መዳሰሷን የእርጅና ልማድ አድርጌ አይቼው ነበር። ብጠይቃት፣ ዓይኗ ከደከመ ዓመት እንዳለፈው ነገረችኝ፤ «በአባትህ ሐዘን ላይ ሌላ እንዳልጨምርብህ ብዬ ነው የደበቅሁህ» አለችኝ። ሐኪሙም የዓይን ሞራ ነው አለ። ሞራ ዓይንን እንደ ጉም ሲጋርደው ተቀራራቢ ቀለሞች አይለዩም፤ የጐላ ልዩነት ግን ይታያል። እናቴ ሳትማር ይህን ዐውቃ ኖሯል።

ሞራው በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት፣ በምትኩም ሰው ሠራሽ ሌንስ ገብቶላት ወደ ቤቷ በገባች ጊዜ፣ ከደጃፉ ቆማ ግድግዳውን ብዙ አየች። «ልጄ፣ ይህን ያህል የደመቀውን ስታይ ዝም አልኸኝን?» ብላ ሣቀች። በሌላ ልለውጠው ወይ ብላት፣ «ተወው፤ እኔ ባላየሁ ጊዜ ያየልኝ እርሱ ነው» አለችኝ።

የዕድር ሰዎችም መጥተው ቡና ጠጡ፤ የፈራሁትን ግን አንዳቸውም አልተናገሩም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እኔ ሰው ምን ያያል እያልሁ ስጨነቅ፣ እናቴ ምን ታያለች ብዬ ሳልጠይቅ አንድ ዓመት አለፈኝ። አንተ ግን ወላጅህ እንግዳ የሆነ ነገር ብትለምንህ፣ ከማፈርህ በፊት ምክንያቱን ጠይቅ።