ጫማ ያደረገችው

በቤታችን ስለ አያቴ ታናሽ ወንድም የሚነገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ጫማ ያደረገችው ወሰደችው።»

በ1928 ዓ.ም. ሁለቱም የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ተከትለው ከይርጋለም ወደ ዶሎ ግንባር ወረዱ። አያቴ ብቻቸውን ተመለሱ፤ ቆዳቸው ተልጦ፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ደረታቸው እያፏጨ። ወር ሳይሞላቸው አረፉ። የወንድማቸው ሚስት አልጋው ሥር ተቀምጠው «ባሌስ?» ሲሉ ከሳሉ መሐል የወጣው መልስ ያ ነው። በዚያ ዘመን ጫማ የምታደርግ ሴት ወይ የባላባት ወይዘሮ ናት ወይ የፈረንጅ ሚስት። ሰውየው ሌላ ሴት ይዞ ኮበለለ ተባለ። ሚስትየዋ ፀጉራቸውን አልተላጩም፣ ጥቁር አልለበሱም፤ ለከዳ ባል አይለቀስም። ስሙ በተነሳ ቁጥር ሴቶቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ እያየሁ ነው ያደግሁት።

አምና የእህቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ለዘጠኝ ዓመቱ ልጄ አንድ ሳጥን አመጣለት። በ1 ለ72 ልኬት የተዘጋጀ፣ ቆርጠውና ሞርደው የሚገጣጥሙት ካፕሮኒ 133፣ የኢጣሊያ ቦምብ ጣይ ነው። እውነተኛዋ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 21 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ነበረች፤ የእኛዋ 30 ሳንቲ ሜትር አትሞላም። እያንዳንዳቸው 460 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሦስት ሞተሮች ነበሯት። ክንፏ ከጀርባዋ በላይ ስለሆነ ከመስኮቷ ቁልቁል መሬቱን ከማየት አይከልልም፤ ይህን ሳይ የታሰበኝ ከታች የነበረው ሰው ነው። አብራሪዎቿ «ላም» ይሏት ነበር። ከብቱን እንደ ልጁ በሚያይ አገር ላይ ቦምብ ለጣለች ይህ ስም መሰጠቱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ክንፉ ሳይጣመም እንዲደርቅ በልብስ መቆንጠጫ እየያዝን፣ ትርፉን በጥፍር ሞረድ እያለሰለስን ሦስት ሳምንት ፈጀን። መጨረሻ ላይ ጎማው ደረሰ። እያንዳንዱን ጎማ ከግራና ከቀኝ የሚያለብሱ፣ ፊታቸው ክብ ኋላቸው ሹል የሆኑ ሽፋኖች ነበሩ፤ ነፋስ እንዳይዛት የተደረጉ ናቸው። አጣብቄ ሳቆማት ልጄ ሳቀ።

«አባዬ፣ ጫማ አደረገች!»

በአማርኛችን አውሮፕላን ሴት ናት።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ግን በልጅ አፍ በወጣ ቃል ብቻ ሰው ነጻ አይወጣም፤ ምስክር ያስፈልጋል። ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ አፖስቶ ወርጄ፣ ከዚያ በባጃጅ ይርጋለም ገባሁ። ከሦስት ቤት ባዶዬን ወጣሁ። በአራተኛው፣ አባታቸው ከገናሌ ውጊያ የተረፉ አንድ ሽማግሌ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። አውሮፕላኗን ከካርቶኗ ሳላወጣ፣ አባታቸው ስለ ጠላት አውሮፕላን ምን ይሉ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ሁለት ዓይነት ነበሩ ይል ነበር። ባዶ እግራቸውን የሚመጡ አሉ፣ ጫማ ያደረጉ አሉ። ባለጫማዎቹ ይብሱ ነበር።»

ከ133 በፊት የተሠራችው የካፕሮኒ 101 ጎማ ሽፋን አልነበረውም። ሽማግሌው ይህን ቁጥር በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም። ካርቶኑን ከፈትኩላቸው፤ ሁለታችንም ዝም አልን።

የቀረውን ታሪክ ያውቀዋል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን የሕክምና ሰፈር ደበደቡ፤ ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር ቆሰሉ፣ ጉናር ሉንድስትሮም ሞተ፣ ድንኳን ውስጥ የተኙ ቁስለኞች አለቁ። በጥር ግራዚያኒ ገናሌ ዶርያ ላይ የራስ ደስታን ጦር ከሰማይም ከምድርም መታ፤ በጥምቀት ሰሞን ነገሌ ገባ። የሰናፍጭ ጋዝም በዚያ ግንባር ወርዷል። የአያቴ ቆዳና ሳል ከምን እንደመጣ የሚነግረኝ ሐኪም አላስፈለገኝም። ራስ ደስታም በዓመቱ፣ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ።

የዚያ «ከዳተኛ» ልጅ ዘጠና ዓመት አልፏቸው አሞራ ገደል አቅራቢያ ይኖራሉ። አባታቸው ሲዘምት ጡት ይጠቡ ነበር። አውሮፕላኗን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸው ስለደከመ በጣታቸው ዳሰሷት፤ ክንፏን፣ ሦስት አፍንጫዋን፣ ከዚያ እግሯን። ጣታቸው እዚያ ቆመ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት፣ እማማ።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ብዙ ቆዩ። የእናታቸውን ስም የሚያነሱ መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያ ተዝካሩ አልወጣም» አሉ። ከዚያ ወደ ልጅ ልጃቸው ዞረው ጠየቁ፤ «ጌሾ አሁን ኪሎው ስንት ገባ?»